ለጉና ጭቃ የሚሆን ጎማ

የምስራች የጭቃ ጎማ ልትገዛ ከቤቷ የወጣችው በፍልሰታ ጾም መካከል ነው። ዝናቡ ደብረ ታቦርን ሲወቅጣት አድሮ፣ ጠዋትም አልበቃው ብሎ ቀጥሏል። በእንዲህ ያለ ቀን ጤነኛ ሰው ከቤቱ የሚወጣው ለቀብር ወይም ለሐኪም ነው። እሷ ግን ቆርጣ ተነስታለች፤ የምስራች ከቆረጠች ደግሞ የሚመልሳት አልተፈጠረም። ሳዑዲ የሄደችውም እንዲሁ አንድ ማለዳ ብድግ ብላ ነበር።

የምትነዳት ትንሽ ባለ አራት እግር ሞተር ናት። አንድ የመንገድ ሥራ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ሲወጣ በጨረታ የሸጣት፣ ወንበሯ ሁለት ሰው የሚችል፣ ከኋላዋ የብረት መጫኛ ያላት ነገር። የከተማው ሰው “እንቁራሪቷ” ይላታል። ጾም ባልሆነ ጊዜ ወተት ለካፌዎች ታመላልስባታለች። ሳዑዲ በረሃ ውስጥ ካለ እርሻ ቤት ስትሠራ የአሠሪዎቿ ልጆች በእንዲህ ያለች ሞተር አሸዋ ላይ ሲፈነጩ አይታ፣ እነሱ ሲተኙ ሰርቃ እየነዳች ለምዳለች። ከዚያ አገር ይዛው የመጣችው ደስ የሚል ነገር ቢኖር ይኸው ብቻ ነው።

አሁን የሞተሯ ጎማዎች አልቀው ለስልሰዋል። አስፋልት ላይ ምንም አይልም፤ የምስራች ግን የምትሄደው ወደ ጉና ተራራ ነው። እዚያ ላይ፣ እህቷ ዘንድ፣ ልጇ አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ትዝታ ገና ጡት እንደጣለች እናቷ ለታላቅ እህቷ ለእቴነሽ ሰጥታት ሄደች። የልጅቱ አባት መተማ ለሰሊጥ ሥራ ወርዶ በወባ ሞቶ ቀርቷል፤ እቴነሽ ደግሞ ልጅ አልሰጣት ብሎ የምትኖር ሴት ነበረች። የምስራች ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ ብላ ወጥታ ሳትመለስ ዘጠኝ ዓመት ሆነ። በመካከሉ ስልኳ ተነጠቀ፣ ታሰረች፣ ድምጿ ጠፋ። ከእብናት የሄደች አንዲት ልጅ ስትመለስ “ሞታለች” ብላ አወራች፤ አገር ምድሩም አለቀሰላት፣ አርባዋም ወጣ። ባለፈው ጥር በእግሯ ቆማ ስትመጣ የከተማው ሰው “ተዝካርሽን በልተን ጨርሰናል እኮ!” እያለ ቀለደባት። እሷም አብራ ሳቀች። ምን ታድርግ?

እቴነሽ ያኔ ልጅቱን ይዛ ደብረ ታቦር ድረስ ወርዳ፣ እህቷን አንገቷን አቅፋ መንገድ ዳር ስትንሰቀሰቅ ሰው ሁሉ ቆሞ አይቷል። ትዝታ ግን ከእቴነሽ ቀሚስ ኋላ ተደብቃ አልወጣ አለች። “ትለምድሻለች” ተባለ። ከዚያ በኋላ የምስራች ልጄን ላኩልኝ ባለች ቁጥር ምክንያት አይጠፋም። መጀመሪያ “ፋሲካን አብራን ትዋል” ሆነ። ቀጥሎ “አራተኛ ክፍልን ትጨርስ” ሆነ። ጨረሰች፤ ላይ ያለው ትምህርት ቤት ከአራተኛ አያልፍም፤ አሁንስ ምን ይሉ ይሆን ስትል ክረምቱ ገባና እቴነሽ ተገላገለች።

“መንገዱ ጭቃ ነው የኔ እህት። ልጅ ይዘሽ ትወድቂያለሽ። ጭቃው ይድረቅ።”

በስልክ በደወለች ቁጥር ይኸው ነው፤ ጭቃው ይድረቅ። ከዚህ አገር ወጥቶ የማያውቅ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ በሁለተኛው ስልክ ይገባው ነበር። እኛ ዘንድ “አልሰጥሽም” አይባልም። የእህት ልጅ እንዴት አልሰጥም ይባላል? ጭቃ ይባላል፣ ገብስ ይባላል፣ በቅሎዋ አነከሰች ይባላል፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሰሚውም አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል ወይም ሽማግሌ ይልካል። የምስራች ግን ፊት ለፊት እየተጮኸባት ዓመታት የኖረች ሴት ናት፤ የአገሯን አነጋገር ረስታዋለች። ጭቃ ነው ካሏት ጭቃ ነው። ለጭቃ ደግሞ መድኃኒቱ ጎማ ነው!

ጋሽ ዋልልኝ መናኸሪያው አጠገብ ጎሚስታ ናቸው፤ ጎማ ይጠግናሉ፣ ይሸጣሉ፣ ሳይጠየቁ ይመክራሉ። ውሃ እያንጠባጠበች ስትገባ ቀና ብለው አዩዋት።

“ምነዋ አንቺ ልጅ! በዚህ ዝናብ?”

“የጭቃ ጎማ ፈልጌ ነው ጋሽ ዋልልኝ። አራቱንም።”

“ወዴት ልትሄጂበት?”

“ወደ ጉና። ልጄን ላመጣ።”

ጋሽ ዋልልኝ እንደ ሌላው ሰው ስለ ተዝካሯ አልቀለዱም። ሦስት ዓይነት ጎማ ከጓዳ እያንከባለሉ አውጥተው በራፉ ላይ ደረደሩላት። የምስራች ዓይኗ ወዲያው ሰፊውና ድቡልቡሉ ላይ ዐረፈ፤ በረሃ ያየችው እሱን ስለሆነ።

“ኧረ ወዲያ፣ እሱን ተይው” አሉ። “እሱ ለአሸዋ ነው። ለፎገራ ዋልካም ደግ ነው፤ ታች የሌለው ጭቃ ላይ ይንሳፈፍልሻል። የጉና ጭቃ ግን ከሥሩ ድንጋይ አለው። ጠበብ ያለው ጭቃውን ሰንጥቆ ድንጋዩን ይረግጣል።”

ቀሪዎቹ ሁለቱ ጠባቦች ናቸው። አንደኛው ጥርሱ አጭርና የተቀራረበ ነው። ሌላኛው ጥርሱ ረጃጅም፣ በመካከሉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት አለው። የምስራች ጣቶቿን ከታ ለካችው።

“ይኼ የተቀራረበው ለአስፋልት ምቹ ነው” አሉ ጋሽ ዋልልኝ። “ጭቃ ግን ይጎርሳል እንጂ አይተፋም። ጥቂት ሳትሄጂ ድብልብል ብሎ እንደ ዳቦ ይሆንብሻል። ይኼኛው ሲሽከረከር ጭቃውን እየተፋ ነው የሚሄደው። ኮብልስቶን ላይ ግን አንጀትሽን ነው የሚበጠብጠው።”

“ልጅንም?”

“ልጅማ እንዴታ! አንጀት የላትም?”

እዚህ ላይ የምስራች ተያዘች። ጭቃውን የሚችለው ልጅቱን ይንጣታል፤ ልጅቱን የማይንጣት ጭቃ ውስጥ ይቀራል። አንዱን ታነሳለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታሸታለች። ነገ እመጣለሁ ብላ ሄደች፤ ነገም መጥታ ያንኑ ጠየቀች። የጭቃ ጎማ ገዝተው የሚያውቁ የምትላቸውን ሁሉ ጠየቀች፤ አንዱ እንዲህ፣ አንዱ እንዲያ አላት። ጋሽ ዋልልኝ ትዕግሥታቸው እያለቀ መጣ።

“አንቺ ልጅ፣ ባል ስትመርጪም እንዲህ ነበርሽ?”

“ያኔማ ብመርጥ ጥሩ ነበር” አለችና ሳቀች። ቀጥላ ግን፣ “ጋሽ ዋልልኝ፣ ረጃጅም ጥርስ ያለውን ይግጠሙልኝና እርስዎ ይንዱ። እኔ ከኋላ ልቀመጥ” አለች።

“እኔ? ለምኑ?”

“ለልጅ እንዴት እንደሆነ ልየው።”

እንዲህ ሆኖ ጋሽ ዋልልኝ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ የምስራች ከኋላቸው እንደ ልጅ ተኮራምታ፣ ከመናኸሪያው እስከ ገበያው ኮብልስቶን ለኮብልስቶን ደርሰው ተመለሱ። የባጃጅ ልጆች እያፏጩ ተከተሏቸው። አንዲት አሮጊት አማተቡ። የምስራች ግን ማንንም አላየችም። ዓይኗን ጨፍና ልጇን ሆና ተቀምጣ ነበር፤ እዚህ ጋ ይመታታል፣ እዚህ ጋ ብርድ ይገባታል፣ እግሯ አይደርስም እያለች። ስትወርድ ፊቷ በርቷል። የጎማው አየር ቀነስ ይበል፣ ወንበሩ ላይ ወፍራም ስፖንጅ ይሰፋ፣ ለእግሯ መርገጫ የሚሆን እንጨት ይታሰር አለች። ሁሉም ሆነ።

የሚያሳዝነው ይኼ ነው። ለጎማው ስንት ቀን ስትጨነቅ፣ ደርሳ ለልጇ ምን እንደምትላት አንዲት ሰዓት አላሰበችም። ወይም ሳታስበው ቀርታ አይደለም፤ ፈርታው ነው። የጎማ ጥርስ በጣት ይለካል፤ የልጅ ሆድ በምን ይለካል?

የቡሄ ዋዜማ ማለዳ ተነሳች። ክምር ድንጋይ ከተማን አልፋ ከአስፋልቱ ስትገነጠል ጭቃው እዚያው ተቀበላት። አንድ ድንች የጫነ አይሱዙ እስከ ወገቡ ሰምጦ፣ ሾፌሩ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። የምስራች ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ገባችበት። እንቁራሪቷ አንዴ ተንሸራተተች፣ አንዴ አጓራች፣ ከዚያ ጥርሶቹ ድንጋይ አገኙና ቀጥ ብላ ወጣች። ጭቃው ከኋላ እስከ ሰማይ ይረጫል። ሾፌሩ ብድግ ብሎ “እሰይ አንበሲት!” ሲል ሰማችው። ጉሙ ገለጥ ሲል ገብሱ አረንጓዴ ሆኖ ዳገቱን ሞልቶታል፤ ከየሸንተረሩ የቡሄ ጅራፍ ይጮኻል። የምስራች ከስንት ዘመን በኋላ ድምጿን ከፍ አድርጋ ዘፈነች። ደስ አላት፤ ልጇን የከለከላት ጭቃ ብቻ መስሏት ነበርና ጭቃውን አሸነፈችው።

እቴነሽ የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ከቤት ወጣች። እህቷን ከእግር እስከ ራሷ ጭቃ ለብሳ ስታያት ፊቷ ዐመድ መሰለ።

“በዚህ ጭቃ እንዴት ሁነሽ መጣሽ?”

“ጎማ ቀየርሁ እታለም! ተመልከችው እስኪ፣ ጭቃውን ሲተፋው!”

እቴነሽ ጎማውን አየችው። ጎንበስ ብላ አንዱን ጥርስ በእጇ ነካ አደረገችው።

“እንግዲህ ጭቃውም ቀረ” አለች፣ ለራሷ ያህል። ከዚያ እህቷን ስማ ወደ ቤት አስገባቻት።

ትዝታ ከጓሮ ድንች ይዛ ገባች። ረዝማለች። የምስራችን ስታይ ድንቹን አስቀምጣ፣ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ፣ ዝቅ ብላ ጉልበቷን ሳመች።

“እትዬ፣ እንደምን ዋሉ?”

በጣም ጨዋ ልጅ ናት፤ እንግዳ እንዴት እንደሚቀበሉ ታውቃለች። የምስራች ልታቅፋት ስትል ልጅቱ ሳትሸሽም ሳትጠጋም ቆመችላት፣ ሐኪም ፊት እንደቆመ ሰው።

የእቴነሽ ባል ጋሽ ጌጡ ከእርሻ ሲመለሱ ቅቅል ድንች በአዋዜ ቀረበ። የምስራች መንገዱን እያወራች ብቻዋን ሳቀች። በመጨረሻ ጋሽ ጌጡ ሚስታቸውን አይተው፣ “በይ እንግዲህ ንገሪያት። ከዚህ ወዲያ መደበቅ ኃጢአት ነው” አሉ። ትዝታን ውጪ ላኳት።

እቴነሽ መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች። “ሞትሽ የተባለ ጊዜ ልጅቱ የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። ሁሉም ገብቷታል። ጸጉሯን ተላጨች። ፊቷን ቧጨረችው። እህል አልቀምስ አለች፤ አርባሽ እስኪወጣ ውሃና በሶ እየጋትሁ ነው ያቆየኋት። ማታ ማታ አንቺን ስትጠራ እኔ ደግሞ እሷንም ልቀብራት ነው እያልሁ ሳለቅስ ከረምሁ።” ነጠላዋን ዓይኗ ላይ ያዘች። “ምን ላድርግ? የነፍስ አባታችን መጡ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፤ ጡቴን ማር ቀብቼ አጠባኋት። ከእንግዲህ ልጅሽ ናት፣ ብትለዪያት እግዜር ይፍረድብሽ ተብሎ ተገዘትሁ። ለሷም ከእንግዲህ እናትሽ እቺ ናት አሏት። በማግስቱ በላች።”

የምስራች የጡት ልጅ ምን እንደሆነ ታውቃለች። በወግ የተሰጠ ጡት ነው፤ ከደም አያንስም።

“እኔ እኮ በሕይወት አለሁ እታለም።”

“አለሽ። እልል ብዬ ተቀብዬሻለሁ። ግን ይህን በየትኛው አፌ ልንገርሽ? ጭቃ እያልሁ ቆየሁ።”

የምስራች ያኔ ገባት። የክረምቱ ስልክ ሁሉ አንድ በአንድ ገባት። ማፈሯ ከንዴቷ በለጠ፤ ጎማውን ‘ጭቃውን ሲተፋው ተመልከችው’ ያለችው ትዝ ብሏት ከመሬት በታች መግባት አማራት። ንዴቱም ግን ነበር። ዘጠኝ ዓመት የሰው ቤት ወለል ያሸችው ለማን ነው?

ጋሽ ጌጡ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “የነፍስ አባታችንን ጠይቄአለሁ። የተገዘትነው ሞታለች ብለን ነው፤ ይፈቱናል። ልጅቱ ያንቺ ናት። ውሰጃት። እኛ አንቀየምሽም።”

“ውሰጃት” አለች እቴነሽም። “ወልደሻታል። ትምህርቷም አለ።”

ቢከለክሏት ይሻላት ነበር። ተጣልታቸው፣ ጮኻባቸው፣ ሽማግሌ ጠርታ ቢሆን ይቀላት ነበር። እነሱ ግን ሰጧት። እቴነሽ ልጅቱን ጠርታ እግሯን አጠበቻት፣ ጸጉሯን አበጥራ ቅቤ ቀባቻት፣ የጥምቀት ቀሚሷን አለበሰቻት። “ከናትሽ ጋር ትሄጃለሽ። ትምህርት ቤት ትገቢያለሽ” አለቻት። ትዝታ አንድ ጊዜ ብቻ “አንቺስ?” አለች። “እኔማ እዚሁ ነኝ፣ ጭቃው ሲደርቅ እመጣለሁ” አለቻት እቴነሽ። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እንዲህ ያለውን አነጋገር ከእናቷ ይልቅ ታውቀዋለች።

ሲነሱ አንዲት እንባ የወጣው ሰው የለም። እቴነሽ ሞተሯን ከኋላ ደግፋ እስከ በሩ ገፋችላቸውና፣ ዞር ሳትል ወደ ቤት ገባች።

ቁልቁለቱ ለጎማው ምኑም አልነበረም። የምስራች ከኋላዋ ልጇ ተቀምጣላታለች፤ ስንት ዓመት የተመኘችው ይህን ነው። “ያዢኝ እንጂ፣ እንዳትወድቂ” አለቻት። “ብረቱን ይዣለሁ እትዬ።” “ይንጥሻል?” “አይንጠኝም።” “በረደሽ?” “አልበረደኝም።” ስፖንጁ ወፍራም ነው፣ እግሯም መርገጫው ላይ ደርሷል፤ ጉድለት የለውም። ልጅቱ ግን ብረቱን እንደ ጨበጠች፣ ለእናቷ ጀርባ የእጅ ስፋት ትታ፣ ቀጥ ብላ ተቀምጣለች።

ቁልቁለቱ ግርጌ ካለው ወንዝ ሲደርሱ የምስራች ሞተሩን አጥፍታ ዞረች። የትዝታ ፊት ደረቅ ነው። ዓይኗ ግን የመጡበትን ዳገት ያያል።

“ምን ሆንሽ የኔ ልጅ? ንገሪኝ። አልቆጣሽም።”

ትዝታ ወደ ወንዙ ዞራ ጠየቀች።

“እትዬ፣ ያኔ የተላጨሁት ለእርስዎ ነው?”

“አዎ። ሞታለች ብለው አሳስተዋችሁ ነው።”

“ብዙ አለቀስሁ። ከዚያ እማ በቃሽ፣ እኔ አለሁልሽ አለችኝና ተውሁት።” የጠየቀችው ለመክሰስ አልነበረም። እንደ ጨዋ ልጅ፣ ደንቡ እንዴት እንደሆነ ማወቅ ፈልጋ ነው። “አሁን ደግሞ ለእማ ላልቅስ?”

ወንዙ ይጮኻል። የምስራች አይዞሽ ልትላት አሰበች፤ ትለምጅኛለሽ ልትላት አሰበች፤ ከተማ ስትገቢ እንዲህ እገዛልሻለሁ ልትላት አፏን ከፈተች። ግን ይህች ልጅ አንድ እናት ቀብራለች፣ ሁለተኛዋን እንድትቀብር የምትወስዳት ደግሞ ያቺው የመጀመሪያዋ ናት። እንዲህ ያለ ግፍ በልጅ ላይ አይሠራም።

“አታለቅሺም” አለቻት። “ማንም አያለቅስም።”

ሞተሩን አስነሳች። መሪውን ጠምዝዛ፣ ወንዙ ዳር ያለውን ጭቃ አርሳ ዞረችና ዳገቱን ተያያዘችው።

ትዝታ መጀመሪያ አልገባትም። የመጣችበትን መንገድ፣ ባሕር ዛፉን፣ የጎረቤቱን የድንጋይ ካብ ስታይ ገባት። ያኔ ብረቱን ለቀቀች። በሁለት እጇ የእናቷን ወገብ ጥምጥም አድርጋ አቀፈች፣ ጉንጯን ጀርባዋ ላይ ለጠፈች፣ እንባዋም መጣ። “እግዜር ይስጥልኝ” እያለች፣ “እግዜር ይስጥልኝ” እያለች ሙጭጭ አለችባት።

የምስራች ልጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፈቻት ለምን እንደሆነ አውቃለች። ቤቱ ሲደረስ እነዚያ እጆች እንደሚለቋትም አውቃለች። ጎማው ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ይወጣው ነበር፤ እሷ ግን ነዳጁን ቀነሰች፣ አሁንም ቀነሰች፤ በእግራቸው የሚሄዱ ገበያተኞች አልፈዋት ሄዱ።